መሬት፣ ደህንነትና ሰላም፦ እስራኤላውያን እርስ በርሳቸው የሚከራከሩበት ጉዳይ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

ሳምንታዊው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ተጀምሯል።

የዛሬው ርዕሳችን በየዕለቱ በዜና ይነሳል፤ ከሥሩ ተብራርቶ ግን እምብዛም አይሰማም። እስራኤላውያን ስለ መሬት፣ ስለ ደህንነትና ከአረቦች ጋር ስላለባቸው ግጭት ምን ያስባሉ? ርዕሱን ያለ ምክንያት አልመረጥነውም። በአካባቢያችን ክርስቲያኑ ኢየሩሳሌምን በጸሎቱ ያነሳታል። ሙስሊሙም በይተል መቅዲስንና አል-አቅሳን በልቡ ይዟል። ስለዚህ ከዚያ የሚመጣ ዜና ጆሯችን እንደ ደረሰ የሃይማኖት ጉዳይ ይሆናል፤ አንዱ ለአንደኛው ወገን፣ ሌላው ለሌላኛው ወገን ጠበቃ ሆኖ ይቆማል። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ መንደር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አብሮ በሚኖርበት በወሎ ምድር ይህ ችላ የሚባል ነገር አይደለም።

ከዛሬው ዝግጅት አንድ ቁም ነገር እንድትይዙ እፈልጋለሁ። «እስራኤል እንዲህ አለች» ሲባል አገሪቱ አንድ ልብ፣ አንድ ቃል ያላት ይመስላል። እስራኤላውያን ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ለተሻገረ ጊዜ እርስ በርሳቸው በአንድ ጥያቄ ሲሟገቱ ኖረዋል፤ «የትኛውን መሬት ብንይዝ፣ የትኛውንስ ብንለቅ ነው በሰላም ወጥተን የምንገባው?» የሚል ነው ጥያቄው። ለዚህ ጥያቄ የተሰጡት መልሶች በምርጫና በመሪዎች ውሳኔ ሲለዋወጡ ታይተዋል። ሰው የወሰነውን ሰው ሊያሻሽለው ይችላል። በዚህ ክርክር ውስጥ ደግሞ አገራችን ኢትዮጵያም ብዙ ጊዜ ገብታበታለች፤ እንዴት እንደገባችም እናያለን።

ዓመቶቹን የምነግራችሁ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው። መምህራን፣ ካርታ ካላችሁ ተማሪዎች እንዲያዩት ግድግዳ ላይ ስቀሉት።

(አጭር ሙዚቃ)

በመጀመሪያ ስፋቱን እንወቅ። የመጀመሪያው የአረቦችና የእስራኤል ጦርነት በ1941 በስምምነት ሲቆም በተሰመረው መስመር ውስጥ ያለችው እስራኤል ከ20 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም አትበልጥም። የእኛ ደቡብ ወሎ ዞን ብቻውን 17 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ መስመር መሠረት ናታንያ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ አገሪቱ እጅግ ትጠባለች፤ ከሜዲትራኒያን ባሕር እስከ ዌስት ባንክ ጫፍ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ፍልስጥኤማውያን የሚኖሩበት ዌስት ባንክ 5,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጋዛ ደግሞ 365 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ተጨናንቆ ይኖርበታል። ሁለት ሕዝቦች የሚፋለሙት ይህን በምታክል ጠባብ ምድር ላይ መሆኑን ሳንረሳ እንቀጥል።

ኅዳር 19 ቀን 1940 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር የነበረችው ፍልስጥኤም ለአይሁድና ለአረብ መንግሥታት እንድትከፈል ወሰነ። 33 አገሮች ደገፉ፣ 13 ተቃወሙ፣ 10 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ከአሥሩ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። የአይሁድ መሪዎች ክፍፍሉን ተቀበሉ፤ የአረብ መሪዎች አልተቀበሉም። ግንቦት 6 ቀን 1940 የእስራኤል መንግሥት ሲታወጅ የጎረቤት አረብ አገሮች ጦር በማግሥቱ ገባ። በዚያ ጦርነት 700 ሺህ ያህል ፍልስጥኤማውያን ከቤት ንብረታቸው ተፈናቀሉ። በቀጣዮቹ ዓመታት ደግሞ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠሩ አይሁድ ከአረብ አገሮች ለቀው እስራኤል ገቡ። አይሁዱ ጦርነቱን የነጻነት ጦርነት ብሎ ያከብረዋል፤ ፍልስጥኤማዊው ነክባ ብሎ፣ የታላቅ መዓት ቀን ብሎ ያለቅስበታል። ሁለቱም ከልባቸው ነው።

ዛሬ የምንሰማው የመሬት ክርክር መልክ የያዘው ከ19 ዓመት በኋላ ነው። ከግንቦት 28 እስከ ሰኔ 3 ቀን 1959 በተካሄደው የስድስት ቀን ጦርነት እስራኤል ከግብፅ ሲናንና ጋዛን፣ ከዮርዳኖስ ዌስት ባንክንና ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን፣ ከሶርያ የጎላን ከፍታዎችን ያዘች። በእጇ ያለው መሬት ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። ከአንድ ሚሊዮን የማያንሱ አረቦችም በሥሯ ዋሉ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር የአረብ መሪዎች በጎረቤታችን ካርቱም ተሰብስበው ከእስራኤል ጋር ሰላም፣ ድርድርና እውቅና የሚባል ነገር የለም አሉ።

በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ የጸጥታው ምክር ቤት አባል ነበረች። በተባበሩት መንግሥታት ቋሚ መልእክተኛዋ ልጅ እንዳልካቸው መኰንን ነበሩ። ኅዳር 12 ቀን 1960 ምክር ቤቱ ውሳኔ ቁጥር 242ን በሙሉ ድምፅ ሲያጸድቅ የኢትዮጵያም እጅ ተነሥቷል። ውሳኔው ሁለት ነገሮችን አብሮ አሰረ። በአንድ በኩል መሬትን በጦርነት መውሰድ ተቀባይነት እንደሌለው ገልጾ፣ የእስራኤል ጦር ከያዛቸው መሬቶች እንዲወጣ ጠየቀ። በሌላ በኩል በአካባቢው ያለ እያንዳንዱ መንግሥት በታወቀና አስተማማኝ በሆነ ወሰን ውስጥ በሰላም የመኖር መብት እንዳለው አረጋገጠ። መሬት ተሰጥቶ ሰላም ይገኛል የሚለው ሐሳብ መነሻው እዚህ ላይ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ እስራኤላውያን የውስጥ ክርክር እንግባ። ሦስት ዋና ዋና መልሶች አሉ።

የመጀመሪያው የወታደር ካርታ ይዞ የሚነሳው ነው። የስድስት ቀኑ ጦርነት ካበቃ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የመንግሥቱ ሚኒስትርና የቀድሞ የጦር አዛዥ ይጋል አሎን አንድ ዕቅድ አቀረቡ። የዮርዳኖስ ሸለቆና ወደ ሸለቆው የሚወርደው ተዳፋት በእስራኤል እጅ ይቆይ፤ ከምሥራቅ የሚመጣ ጦር የሚታገደው እዚያ ነው። አረቦች በብዛት የሚኖሩበት ደጋ ግን ወደ አረብ አስተዳደር ይመለስ የሚል ነበር። ዕቅዱ በመንግሥት ባይጸድቅም፣ የሠራተኛ ፓርቲ መንግሥታት ለአሥር ዓመት ያህል የሰፈራ መንደሮችን የቆረቆሩት በአብዛኛው እሱን ተከትለው ነው። የዚህ ወገን ሰዎች መሬቱን የሚለኩት በመከላከያ ጥቅሙ ነው፤ የማይጠቅመውንና ሕዝብ የሞላበትን መልቀቅ አይከብዳቸውም።

ሁለተኛው መልስ ከርስት ይነሳል። ኬብሮን አብርሃም የተቀበረበት ነው፣ ቤተ ልሔም የዳዊት ከተማ ነው፣ ይህ የአባቶቻችን ምድር ነው፤ ባዕድ ስላልሆነ አይለቀቅም ይላል። ይህን እምነት የያዙ ሃይማኖተኛ ወጣቶች በ1966 ጉሽ ኤሙኒም የተባለውን እንቅስቃሴ መሥርተው በዌስት ባንክ ኮረብታዎች ላይ መስፈር ጀመሩ። በ1969 በሜናኬም ቤጊን የሚመራው ሊኩድ ምርጫውን ሲያሸንፍ ሰፈራው የመንግሥት ድጋፍ አገኘ። ዛሬ ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን ሳይጨምር በዌስት ባንክ ግማሽ ሚሊዮን የሚያህሉ ሰፋሪዎች ይኖራሉ። አብዛኛው ዓለም ሰፈራውን የዓለም አቀፍ ሕግ ጥሰት ይለዋል። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤትም ሐምሌ 12 ቀን 2016 በሰጠው የምክር አስተያየት የእስራኤል ይዞታ ሕጋዊ አለመሆኑን ገልጿል። የእስራኤል መንግሥት አስተያየቱን አልተቀበለም።

ሦስተኛው መልስ መሬቱን ለሰላም እንስጥ የሚለው ነው። በ1970 ዓ.ም. 348 የተጠባባቂ ጦር መኰንኖችና ወታደሮች ለጠቅላይ ሚኒስትር ቤጊን ደብዳቤ ጻፉ፤ ከመሬት ይልቅ ሰላምን እንዲያስቀድሙ ጠየቋቸው። «ሰላም አሁን» የተባለው እንቅስቃሴ የተወለደው ከዚያ ደብዳቤ ነው። የዚህ ወገን ትልቁ ማስረጃ የሕዝብ ቁጥር ነው። ከዮርዳኖስ ወንዝ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ባለው ምድር ሰባት ሚሊዮን ያህል አይሁድና ከዚያ የማያንሱ አረቦች ይኖራሉ። መሬቱን በሙሉ ይዘን ለሁሉም የመምረጥ መብት ከሰጠን የአይሁድ መንግሥትነታችን ይቀራል፤ መብቱን ከከለከልን ደግሞ ዴሞክራሲያችን ይቀራል፤ ስለዚህ ሁለት መንግሥታት ጎን ለጎን ይኑሩ ይላሉ።

ከእነዚህ ሌላ ከእስራኤል ዜጎች ከአምስት አንዱ ያህሉ አረብ መሆኑን ልብ በሉ። የራሳቸው ፓርቲዎች አሏቸው፣ በክኔሴት ማለትም በፓርላማው ይቀመጣሉ። በሰኔ 2013 ራዓም የተባለው የአረቦች ፓርቲ በጥምር መንግሥቱ ውስጥ ገብቶ ነበር።

በፍልስጥኤማውያን በኩልም ድምፁ አንድ አይደለም። የፍልስጥኤም ነጻ አውጪ ድርጅት በኅዳር 1981 የፍልስጥኤምን መንግሥት ሲያውጅ ውሳኔ 242ን ተቀበለ። ሐማስ የተባለው ድርጅት ግን ለእስራኤል እውቅና መስጠትን አይቀበልም። የአረብ ሊግ በ1994 ቤይሩት ላይ እስራኤል በ1959 የያዘችውን መሬት ከለቀቀች ሁሉም አረብ አገሮች ከእሷ ጋር ሰላም እንደሚያደርጉ የሚገልጽ ሐሳብ አቅርቧል። ከካርቱም እስከ ቤይሩት የተጓዙበትን መንገድ ተመልከቱ።

(አጭር ሙዚቃ)

መሬት ደህንነት ይሰጣል ወይ? ይህን ጥያቄ የእኛ አካባቢ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል፤ መቅደላ አለችና። አፄ ቴዎድሮስ አምባዋን የመረጡት ጠላት ከሩቅ የሚታይበት፣ መውጫው የጠበበ ምሽግ ስለሆነች ነው። የእስራኤል የጦር ሰዎችም ስለ ጎላን የሚሉት ይህንኑ ነው። ከከፍታው ላይ የሶርያ መድፍ ቆሞ ሳለ ከሥር በገሊላ ያሉ መንደሮች እንቅልፍ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ከፍታውን አንለቅም ይላሉ። በ1974 የእስራኤል ሕግ በጎላን ላይ እንዲሠራ ፓርላማው ወሰነ፤ የጸጥታው ምክር ቤት ግን ውሳኔውን ዋጋ የለውም ብሎ ሽሮታል። ሆኖም መቅደላ ሌላም ታስተምራለች። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 እንግሊዞች አምባዋን ወጥተው ያዟት። የአምባው ጥንካሬ የንጉሡን መከፋትና የአገሩን መለያየት አልጠገነም። መሬትን ለሰላም እንስጥ የሚሉት እስራኤላውያን ክርክርም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ከፍታው ጠላትን ያዘገያል፣ ጠላትነትን ግን አያስቀርም ይላሉ።

ታሪኩ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ሰጥቷል። መስከረም 26 ቀን 1966 ግብፅና ሶርያ ድንገት ጥቃት ሲከፍቱ ሲናና ጎላን በእስራኤል እጅ ነበሩ። አንዱ ወገን «ሰፊው በረሃ ባይኖር ኖሮ ጠላት ከተሞቻችን ድረስ ይገባ ነበር» አለ። ሌላው «ሰፊውን በረሃ ይዘንም ከጦርነት አልዳንንም» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙዎችን አስገረመ። መሬት አይለቀቅም በማለት የሚታወቁት ቤጊን ከግብፁ ፕሬዚዳንት አንዋር ሳዳት ጋር ተደራደሩ፤ መጋቢት 17 ቀን 1971 የሰላም ውል ተፈረመ። የእስራኤልን ሦስት እጥፍ የሚያህለው ሲና ተመለሰ፤ በዚያ የተሠሩት የሰፈራ መንደሮች ፈረሱ፤ ሚያዝያ 17 ቀን 1974 የመጨረሻው ወታደር ወጣ። ቤጊን ግን ዌስት ባንክን አልሰጡም፤ ሲና ለእሳቸው የጸጥታ መሬት ነበር፣ ዌስት ባንክ ግን ርስት። ሳዳትም በገዛ አገራቸው ሰዎች ተገደሉ። ውሉ ግን እስከ ዛሬ ጸንቷል።

መስከረም 3 ቀን 1986 የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢንና የፍልስጥኤም ነጻ አውጪ ድርጅት መሪ ያሲር አራፋት በዋሽንግተን ተጨባበጡ፤ የኦስሎ ስምምነት የሚባለው ነው። ራቢን በ1959 ጦርነት የእስራኤል ጦር ኤታማዦር ሹም የነበሩ፣ እነዚያን መሬቶች ያስያዙ ሰው ናቸው። ከዚያው መሬት ከፊሉን ለመስጠት ሲነሱ ጥቅምት 24 ቀን 1988 አንድ አይሁዳዊ እስራኤላዊ በጥይት ገደላቸው። የመሬቱ ክርክር በአይሁድ መካከል ምን ያህል የመረረ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

የሰፈራ አባት ይባሉ የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር አሪየል ሻሮን ደግሞ በ1997 ክረምት በጋዛ የነበሩ 21 የሰፈራ መንደሮችን አስነሱ፤ ከ8 ሺህ በላይ ሰፋሪዎች ወጡ። ያለ ስምምነት፣ በአንድ ወገን ውሳኔ ነበር የወጡት። በጥር 1998 ሐማስ ምርጫ አሸነፈ፣ በ1999 ጋዛን በጉልበት ተቆጣጠረ፤ ሮኬት መተኮሱም ቀጠለ። እስራኤልም ጋዛን ከየብስ፣ ከአየርና ከባሕር ዘጋች። አንዱ ወገን «መሬት ለቀን ሮኬት አገኘን» ይላል። ሌላው «ሲናን በስምምነት ስለለቀቅን ሰላም ሆነ፣ ጋዛን ያለ ስምምነት ስለለቀቅን ጦርነት ሆነ» ይላል።

መስከረም 26 ቀን 2016 ሐማስ ከጋዛ ወጥቶ ባደረሰው ጥቃት 1,200 ያህል ሰው ተገደለ፤ 250 ገደማ ታገቱ። ቀኑን አስተውሉ፤ በእኛ አቆጣጠር ከ1966ቱ ጦርነት ጋር በወርም በቀንም አንድ ነው፣ ልክ በ50 ዓመቱ። ከዚያ በተከተለው ጦርነት የጋዛ ጤና ባለሥልጣናት እንደገለጹት ከ60 ሺህ በላይ ፍልስጥኤማውያን ሞተዋል፤ ሕፃናትና ሴቶች ከሟቾቹ ብዙውን ቁጥር ይይዛሉ። በ2018 መስከረም መጨረሻ የተኩስ ማቆም ስምምነት ተደርሷል። የእነዚህን ሁሉ ሰዎች ሞት ስንሰማ ሃይማኖታቸውን ጠይቀን ለማዘን ወይም ላለማዘን የምንወስን መሆን የለብንም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ ተመልካች ብቻ አልነበረችም።

የመጀመሪያው ጉዳይ የሁለቱ መንግሥታት ግንኙነት ነው። እስራኤል በ1948 አዲስ አበባ ላይ ቆንስላ ከፈተች፤ በ1954 ሙሉ የዲፕሎማሲ ግንኙነት ተመሠረተ። የእስራኤል መሪዎች በአረብ አገሮች ተከበው ስለነበር ከአረብ ቀለበት ባሻገር ያሉ ወዳጆች ይፈልጉ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ዳዊት ቤን ጉሪዮን በ1950 ክረምት ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሲጽፉ ቱርክን፣ ኢራንንና ኢትዮጵያን ከእነዚህ መካከል ቆጥረዋል። ለእስራኤል የቀይ ባሕር መተላለፊያ የሕልውና ጉዳይ ነበረ፤ ኢትዮጵያ ደግሞ በዚያ ባሕር ላይ ወደቦች ነበሯት። እስራኤላውያን መኰንኖችም የኢትዮጵያን ፖሊስና ጦር አሠልጥነዋል።

ወዳጅነቱን የፈተነው የመሬት ጥያቄ ነው። ሲና የግብፅ ነው፤ ግብፅም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አባል ነበረች። የድርጅቱ ጽሕፈት ቤት በአዲስ አበባ ነበር። በ1965 በተደረገው ጉባኤ የሊቢያው መሪ ሙአመር ጋዳፊ ኢትዮጵያ ከእስራኤል ጋር ያላትን ግንኙነት ካላቋረጠች ጽሕፈት ቤቱ ከአዲስ አበባ ይነሳ አሉ። በዚያው ዘመን ሶማሊያ የኦጋዴንን መሬት ትጠይቅ ነበር፤ ኢትዮጵያም የአፍሪካ ወሰን በኃይል አይለወጥ በሚለው የድርጅቱ አቋም ላይ ቆማ ትከራከር ነበር። የራስን ወሰን በዚህ መርሕ እየጠበቁ በግብፅ መሬት መያዝ ላይ ዝም ማለት የሚያዛልቅ አልሆነም። የመስከረሙ ጦርነት በተነሣ በሦስተኛው ሳምንት፣ ጥቅምት 13 ቀን 1966፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከእስራኤል ጋር የነበረውን ግንኙነት አቋረጠ። ብዙ የአፍሪካ አገሮችም በዚያ ሰሞን እንዲሁ አደረጉ። ግንኙነቱ የታደሰው በደርግ ዘመን፣ በጥቅምት 1982 ነው። ከዚያ ወራት ቀደም ብላ፣ በ1981፣ ኢትዮጵያ ለፍልስጥኤም መንግሥት እውቅና ሰጥታ ነበር። ዛሬ የሁለቱም ኤምባሲዎች በአዲስ አበባ ይገኛሉ። አንዱን ለማክበር ሌላውን መጥላት ግዴታ እንዳልሆነ አገራችን በተግባር አሳይታለች።

ሁለተኛው ጉዳይ የዴር ሱልጣን ገዳም ነው። በኢየሩሳሌም በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የኢትዮጵያ መነኰሳት በጠባብ ጎጆዎች ይኖራሉ። በዚያ የቅዱስ ሚካኤልና የአርባዕቱ እንስሳ ጸሎት ቤቶች አሉ፤ ይዞታው የእኛ ነው በሚል ኢትዮጵያውያንና የግብፅ ኮፕቶች ለረጅም ዘመን ተከራክረዋል። በ1953 ቦታውን ታስተዳድር የነበረችው ዮርዳኖስ ለኢትዮጵያውያን ፈርዳ ቁልፉን ሰጠች፤ ግብፅ ስትቃወም ግን ከ40 ቀን ገደማ በኋላ ውሳኔዋን አጠፈች። በ1959 ከተማዋ በእስራኤል እጅ ገባች። በ1962 የፋሲካ ሌሊት ኮፕቶቹ ታች ጸሎት ላይ ሳሉ የኢትዮጵያ መነኰሳት የጸሎት ቤቶቹን ቁልፍ ቀየሩ፤ የእስራኤል ፖሊስም አላገዳቸውም። ያን ጊዜ ኢትዮጵያ የእስራኤል ወዳጅ ነበረች፣ ግብፅ ደግሞ ጠላቷ። በ1963 የእስራኤል ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቁልፉ ለኮፕቶች ይመለስ ብሎ፣ ባለቤትነቱን የሚወስነው ግን መንግሥት እንዲሆን ፈቀደ። መንግሥት እስከ ዛሬ የመጨረሻ ውሳኔ አልሰጠም። ከግብፅ ጋር ሰላም ከወረደ ወዲህ ነገሩ የበለጠ ተወሳስቧል፤ ለአንዱ ቢፈርድ ሌላውን ወዳጅ ያስቀይማልና። የጦርና የሰላም ፖለቲካ የአንድ ገዳም በር ድረስ እንዴት እንደሚመጣ ከዚህ እንማራለን።

ሦስተኛው ጉዳይ የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያውያን አይሁድ ወገኖቻችን ነው። በ1977 ዘመቻ ሙሴ በተባለው ጉዞ 8 ሺህ ያህሉ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲወሰዱ በመንገድና በስደተኞች መጠለያ ብዙ ሺህ ሰው አልቋል። ወሬው በዓለም እንደ ተሰማ ሱዳን በአረብ አገሮች ግፊት ጉዞውን አቆመች። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983፣ የደርግ መንግሥት ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት፣ በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጓዙ። ዛሬ በእስራኤል ከ160 ሺህ በላይ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ልጆቻቸው በጦሩ ያገለግላሉ፤ በመሬቱ ክርክር ውስጥ የሚሞተውም፣ ድምፅ የሚሰጠውም የእነሱ ልጅ ነው።

እነሱም ቢሆኑ በአንድ ወገን አልተሰለፉም። በ1988 ለመጀመሪያ ጊዜ ፓርላማ የገቡት ኢትዮጵያ ተወላጅ አዲሱ መሰለ በሠራተኛ ፓርቲ በኩል ነው የተመረጡት። አቭራሃም ንጉሤ የሊኩድ የፓርላማ አባል ነበሩ፤ በኋላም በአዲስ አበባ የእስራኤል አምባሳደር ሆነው ተሾመዋል። ፕኒና ታማኖ ሻታ በመካከለኛ አቋም በሚታወቀው ሰማያዊና ነጭ ፓርቲ በኩል በ2012 የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ተወላጅ ሚኒስትር ሆኑ። ከአንድ አገር የመጡ ሰዎች ከሦስት የተለያዩ ፓርቲዎች ጋር ቆመዋል። እንግዲህ «ቤተ እስራኤል ይህን ያስባል» ብሎ መናገር ካልተቻለ፣ «አይሁድ ሁሉ ይህን ያስባል» ወይም «አረብ ሁሉ ይህን ያስባል» ማለት እንዴት ይቻላል?

(አጭር ሙዚቃ)

ዝግጅታችንን ከማብቃታችን በፊት፣ ከአሁን በኋላ ከዚያ አካባቢ ዜና ስትሰሙ ሦስት ጥያቄዎች እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ የሚወራው ስለ የትኛው መሬት ነው? ጋዛ፣ ዌስት ባንክ፣ ጎላንና ኢየሩሳሌም ታሪካቸውም መፍትሔያቸውም ይለያያል። ሁለተኛ፣ የሚናገረው ማን ነው? ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ ተቃዋሚው፣ ሰፋሪው፣ ጡረታ የወጣ ጄኔራል ወይስ ፍርድ ቤት? በፍልስጥኤም በኩልስ የፍልስጥኤም አስተዳደር ነው ወይስ ሐማስ? ሦስተኛ፣ ያቀረበው ምክንያት ደህንነት ነው ወይስ ርስት? በደህንነት ምክንያት የተያዘ መሬት ሌላ ዋስትና ሲገኝ ሊለቀቅ ይችላል፤ ሲና ምስክር ነው። በርስት ስም የተያዘው ግን ድርድሩ እጅግ ይከብዳል፤ ያም ሆኖ የሰው ጉዳይ ነውና ከሰው ውሳኔ አይወጣም።

ለተማሪዎች የመወያያ ጥያቄ ይኸውላችሁ። ሲና በስምምነት፣ ጋዛ ያለ ስምምነት መለቀቃቸው ውጤታቸውን ለያየው ትላላችሁ? ኢትዮጵያስ በ1966 ግንኙነቷን ማቋረጧ ከራሷ የወሰን ጉዳይ ጋር እንዴት ይያያዛል? በክፍል ውስጥ በሁለት ቡድን ተከፍላችሁ ተከራከሩበት። እያንዳንዱ ቡድን የሚቃወመውን ሐሳብ ይዞ ይከራከር፤ የሌላውን ምክንያት ከልብ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

አባቶች፣ እናቶች፣ ወጣቶች፤ በወሎ የሙስሊሙ ለቅሶ የክርስቲያኑ ለቅሶ ነው፤ የአንዱ ሠርግ የሌላውም ሠርግ ነው። በሩቅ አገር ያለ የመሬት ጠብ ይህን እንዲያበላሽብን መፍቀድ የለብንም። በጋዛ ለሞተው ሕፃንም፣ ከእስራኤል ታግቶ ለተወሰደው ሰውም የሚያዝን ልብ አንድ ልብ ነው። ነገሩን እወቁት፣ ተወያዩበት፣ አስተያየት ይኑራችሁ፤ ነገር ግን በሩቅ ጠብ ምክንያት በጎረቤታችሁ ላይ ፊት አታጥቁሩ።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)